ቡናውን የምታፈላውስ መቼ ትጠጣለች?

ይህች ጽሑፍ ለመጽሔታችን ትሁን ተብላ አልተጀመረችም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ውስጥ ከመካከላችን አንዱ በተከራየበት ግቢ ቡና ስንጠጣ፣ ከእንግዳ አፍ የወጣች አንዲት ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታጨቃጭቀን ከረመች። ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል «እንግዲያው በወረቀት ላይ ይውረድ» ተባባልን። የተስማማንበትንም ያልተስማማንበትንም አንድ ላይ ነው የጻፍነው፤ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መስመሩ እዚህም እዚያም ቢጣመም ከብዛታችን የመጣ መሆኑን ዕወቅልን።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት ጃፓናዊት መንገደኛ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ አዳማ ላይ ሁለት ቀን አደረች። በአንድ ጓደኛችን በኩል ተዋወቅናት። ዕድሜዋ ከእኛ ትንሽ ገፋ ያለ ነው፤ አማርኛ አትችልም፤ እሷም እኛም በእንግሊዝኛ እየተኮላተፍን እንግባባለን። «ባህላችንን እናሳያት» ተባለ። ባህል ማሳየት ሲባል ደግሞ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ቡና ነው። የቤቱን ባለቤት እትዬን አስፈቀድን፤ ደስ አላቸው። በረንዳው ላይ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ረከቦቱ ቀረበ፣ ፈንዲሻው ፈነዳ። የምታፈላው እትዬ ዘንድ የምትሠራው ልጅ ናት። ከአርሲ ገጠር የመጣች፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ማታ ማታ ትማራለች።

እንግዳዋ ቄጠማው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ጫማዋን አወለቀች። «ኧረ ተይው፣ ግድ የለም!» ብንላትም አልሰማችንም። ለካስ በአገሯ የቤቱ ወለል ላይ የሚነጠፈው ታታሚ የሚባለው ምንጣፍ ከቄጠማ መሰል ሣር የሚሠራ ነውና፣ በጫማ መርገጥ አልሆነላትም። እኛ ግማሾቻችን በጫማ፣ ግማሾቻችን በነጠላ ጫማ፣ ያንን አረንጓዴ ሣር እየደፈጠጥን ተቀምጠናል። ትንሽ አፈርን።

ከመካከላችን አንዱ ስለ ጃፓን የሻይ ሥርዓት አንብቦ ኖሯል። አጋጣሚውን የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። «ያንቺና የእኛ አንድ ነው እኮ!» ብሎ ጀመረ። እነሱም እኛም ከሰል እናነዳለን፤ እነሱም ዕጣን አላቸው፤ እነሱም ስኒውን በሁለት እጅ ይቀበላሉ፤ እነሱም ዘንድ እኛም ዘንድ ችኮላ ነውር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንለውን አስረዳት። እሷም ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ አየት አደረገችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፤

«እሷስ? እሷ መቼ ነው የምትጠጣው?»

ሳቅን። «ኋላ ትጠጣለች» አልናት። እውነቱን ለመናገር አንዳችንም ስትጠጣ አይተን አናውቅም። እትዬ «ምን አለች?» ቢሉን ተረጎምንላቸው። «ውይ! ልጅ አይደለችም እንዴ! ቡና ምን ያደርግላታል!» አሉ። ልጅቷ ራቅ ብላ ከሰሉን ስታርገበግብ ስለነበር ከወሬው ሁሉ «ቡና» የሚለውን ብቻ ሰምታ፣ የተጨመረ የጠየቅን መስሏት፣ ጀበናዋን ይዛ ብድግ አለች።

እንግዳዋ ፊቷ ቀላ። ያስቀየመችን መስሏት ይሆናል፣ ቶሎ ብላ ማብራራት ያዘች። በእነሱም አገር ሻይ የሚያቀርበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእንግዶቹ ጋር አይጠጣም። እንግዳው ካልጋበዘው በቀር ያገለግላል እንጂ አይቋደስም። «ግን» አለች፣ «የቤቱ ጌታ እሱ ነው። ሳህኑን የመረጠው፣ ውሃውን የቀዳው፣ እንግዶቹን የጠራው እሱ ነው። የሚያገለግለው ጌታ ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው የጠየቅኩት፤ እዚህ ጌታዋ እሷ ናት ወይ?»

መልስ አልሰጠንም። ወሬ ለወጥን። ስለ አበበ ቢቂላ ተነሣ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንዴት እንዳሸነፈ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ። አበበን እሷም ታውቀዋለች። ሁላችንም ተነፈስን። አበበ ስንት ጊዜ ከጭንቅ አውጥቶናል!

እሷ በማግስቱ ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን ቀረ። ማታውኑ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገናችን ተቆጥቶ ነበር። «እንግዳ የሰው ጓዳ አያይም። እልፍኝ የተነጠፈለት እልፍኝ ይቀመጥ። ጓዳ ማየት ነውር ነው፣ አባቶቻችን ያስተማሩን ይህንን ነው» አለ። እውነት አለው። ማንም ሰው ቤቱ ሲገቡበት የሚወደው የተሰናዳው ክፍል ብቻ እንዲታይለት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ጓዳውን ያላየ ሰው እንግዳ ሳይሆን ተመልካች ነው፤ ቲያትር ነው ያየው» አለ። የጽሑፋችን ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ወጣ፤ የሌላውን ሰው ባህል ማድነቅ ሰውየውን ማወቅ ነው ወይ? መንገደኛስ ባለቤቱ ያላሳየውን ሊያይ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

የተቆጣው ወገን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ «መጀመሪያ የራሷን ጓዳ ትይ» ብሎ የጃፓንን የሻይ ታሪክ ሲመረምር ሰነበተ። ያገኘውን ሲያነብልን እኛም አብረን ተገረምን። የሻይ ሥርዓቱን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያቀናው ሴን ኖ ሪኪዩ የሚባል ሰው ነው፤ ከ1522 እስከ 1591 እ.ኤ.አ. የኖረ። ጌጡን ቀነሰ፤ የሻይ ቤቱን እንደ ገበሬ ጎጆ አሳነሰው። የእንግዳ መግቢያውም ቁመቱ ወርዱም ከ70 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሆነ። መስፍንም ይሁን ነጋዴ፣ በጉልበቱ ካልዳኸ አይገባም። ሳሙራዩም ሰይፉን ከውጭ ሰቅሎ ነው የሚገባ። አንዴ ከገቡ በኋላ ትልቅና ትንሽ የለም፤ አንድ ሳህን ነው የሚዞረው። እስቲ አስቡት፣ በዚያ የጦርነት ዘመን ሰይፍ የማይገባበት አንድ ክፍል!

ግን ከዚያ ክፍል ጀርባስ? የሪኪዩ ጌታ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነበር፤ የጃፓን ገዥ። ሪኪዩን በ1591 ራሱን እንዲገድል ያዘዘው እሱ ነው። በማግስቱ ዓመት በ1592 ያው ሂዴዮሺ ጦሩን ወደ ኮሪያ አዘመተ። የኮሪያ የሸክላ ሳህኖች በጃፓን የሻይ ወዳጆች ዘንድ ከድሮም እጅግ የተወደዱ ነበሩ፤ ጦሩ ሲመለስ ሸክላ ሠሪዎቹን ራሳቸውን ማርኮ አመጣቸው። ከጃፓን ስመ ጥር የሸክላ ዓይነቶች አንዳንዶቹ በነዚያ ምርኮኞች እጅ የተጀመሩ ናቸው። እንግዲህ ሳህኑን በሁለት እጅ ይዞ፣ አዙሮ፣ ውበቱን አድንቆ የሚጠጣ እንግዳ፣ ከሸክላው በስተጀርባ ያለውን ሰው አያየውም። ሥርዓቱ ራሱ እንዲያይ አይጠይቀውም።

«በቃ፣ አለቀ!» አለ የተቆጣው ወገን። «ሁሉም ቤት ጓዳ አለው፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅ።» እዚህ ላይ ነው ሌሎቻችን አልሄድ ያልነው። ሁሉም ቤት ጓዳ ስላለው ጥያቄው ይቀራል ከተባለ፣ ጥያቄ የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ደግሞስ ልጅቷ አልፈረደችብንም። ጠየቀችን እንጂ። የጠየቀችውም የራሷን ቤት ስለምታውቅ ነው፤ አስተናጋጅ የማይጠጣበትን ሥርዓት ባታውቅ ኖሮ ማፍያዋ አለመጠጣቷን ልብ አትልም ነበር።

አሁን ይህንን ወደ ራሳችን ታሪክ እንውሰደው፤ ምክንያቱም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የጃፓንን ባህል ለማየት የሄደ ትልቅ ሰው ነበረን። መንገዱም በዚሁ በከተማችን በኩል ነው። ጃፓን በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በተከበረው የንግሥ በዓል ወኪሏን ልካ ነበር፤ በዚያው ኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ ምላሹን ይዘው በ1924 ዓ.ም. መግቢያ (1931 እ.ኤ.አ.) የመልእክተኞች መሪ ሆነው ወደ ጃፓን ወረዱ። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ባቡር አንድ ነው፤ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ ወለንጪቲን፣ መተሐራን እያለ አዋሽን ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የድሮው ሐዲድ የፍየል መንገድ ሆኗል፤ እኛ ግን አንዳንዴ ማታ እየተራመድንበት ስንከራከር «ኅሩይ በዚህ አልፈዋል» እንባባላለን።

ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በ1934 እ.ኤ.አ. በጃፓንኛም ታትሟል። ርእሱን ልብ በሉ፤ የብርሃን ማደሪያ ነው ያሏት። በዚያን ጊዜ የእሳቸው ብቻ አሳብ አልነበረም። ከእሳቸው በፊት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን አርአያነት አንሥተዋል። በ1923 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ የተመለከቱት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ከጦርነቱም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሰለጠነች» ብለው መጽሐፍ ጽፈዋል። ሁሉም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ዘውዷንና ወጓን ሳትጥል ነጮቹን የተቋቋመች አገር። «እንደ እኛ ናት» የሚለው ቃል ትልቅ ጉልበት ነበረው። እነሱም የረጅም ዘመን ነገሥታት ሐረግ አላቸው፣ እኛም፤ እነሱም በራቸውን ዘግተው ኖረዋል፣ እኛም፤ እነሱ በ1905 እ.ኤ.አ. ሩስያን አሸነፉ፣ እኛ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ኢጣሊያን። የመመሳሰሉ ዝርዝር ብዙ ነው። የእኛ ጓደኛ በረንዳ ላይ የዘረዘረው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ታዲያ ብላቴን ጌታ እልፍኝ በተነጠፈላቸው ሰዓት ጓዳው እንዴት ነበር? የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መያዝ የጀመረው በመስከረም ወር 1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ መልእክተኞቹ ጃፓን ከመግባታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ። እሳቸው በቶኪዮ በክብር ሲስተናገዱ፣ ከባሕሩ ማዶ የሰው አገር በጦር ይያዝ ነበር። ቻይና ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ጮኸች። ማኅበሩ መረመረ፣ ዘገበ፣ ጃፓን በ1933 ጥላው ወጣች፤ ማንቹሪያም ሳትመለስ ቀረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን፣ እዚያው ማኅበር ፊት ቆመው የጮኹት የእኛ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። የማንቹሪያ በር የእኛም በር ነበር ብንል ማጋነን አይደለም። ጃፓንስ? በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላነት ዝቅ አድርጋ የኢጣሊያን ገዥነት ተቀበለች፤ ኢጣሊያም በማግስቱ ዓመት ማንቹሪያ ላይ ለተተከለው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያኔ በስደት እንግሊዝ አገር ነበሩ። በ1938 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ።

ይህንን ስንጽፍ ከመካከላችን አንዷ እጅግ ተቃወመች፤ ተቃውሞዋን መዝለል ደግሞ አይገባም። «ሽማግሌውን ተዉአቸው!» አለች። «እናንተ በረንዳ ላይ ቡና የምትጠጡ ናችሁ። እሳቸው አገር በላያቸው ላይ ሊፈርስ የቀረበ ሰው ናቸው። ኢጣሊያ በኤርትራም በሶማሊያም ቆማለች። መሣሪያ የሚሸጥ የለም። የሰመጠ ሰው የሚወረወርለትን ገመድ ከየት እንደተገመደ ይጠይቃል?» ይህ ከባድ ነገር ነው። ለችግር የሄደና ለሽርሽር የሄደ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጨዋ መልእክተኛ ደግሞ በተጋበዘበት ቤት «ጎረቤትህን ለምን ትመታለህ?» አይልም፤ ቢል ሥራው ተበላሸ። እኛም ብንሆን የምንለው አይመስለንም።

ነገር ግን በዚያው በችግሩ በኩል ብናየው ራሱ ጥያቄው ይመለሳል። መድኃኒት ፍለጋ የሄደ ሰው የሚያየው መድኃኒቱን ነው፤ ሰውየውን አያይም። «እንደ እኛ ናቸው» ያልነው ጃፓኖቹን ስላወቅናቸው ሳይሆን እንደ እኛ የሆነ ሰው በብርቱ ስላስፈለገን ነበር። ስለዚህም በ1936 የሆነውን ስናይ እንደ ክህደት ሆነብን። ማን ነበር ቃል የገባልን? የገዛ ምኞታችን ነው። መመሳሰሉ ሐሰት አልነበረም፤ ግን በሩ ነበር እንጂ ቤቱ አልነበረም። እንግዳዋ በዚያች እሑድ ያደረገችው ከዚህ የተለየ ነው። መመሳሰሉን ሰማች፣ አልካደችውም፤ በዚያው ገብታ የማይመሳሰለውን ቦታ አገኘችው። የእኛ ጓደኛ «አንድ ነን» ብሎ ሲያበቃ፣ እሷ ከዚያ ነው የጀመረችው።

ሌላውን ስንወቅስ እንዳንከርም የራሳችንንም እንናገር። አምና ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ኢሬቻ ለማየት ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ወረድን። ከአዳማ ምን ያህል ቢርቅ ነው! ሆኖም ከመካከላችን ግማሹ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሕዝቡ እርጥብ ሣርና ቢጫ አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ሣሩን ይነክራል፣ ያመሰግናል። እኛ የያዝነው ስልካችንን ነው፤ ፎቶ ማንሣት በቃ። አንዲት አሮጊት መንገዳችን ላይ ቆሙና «ኢጆሌ፣ እጃችሁ ባዶ ነው እኮ» አሉን። የያዙትን ሣር ከፍለው ሰጡን። በአንድ እጅ ሣር፣ በአንድ እጅ ስልክ ሆነን ተከተልናቸው። ውሃው ዳር ሲደርሱ ሣሩን ሳይነክሩ ብዙ ቆሙ። «ያን ዓመት እዚህ ነበርኩ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ያን ዓመት ያሉት 2009 ዓ.ም. መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን፤ መስከረም 22 ቀን፣ በዚያው ስፍራ፣ በበዓሉ መካከል፣ ብዙ ሰዎች የሞቱበት። ያነሣናቸው ፎቶዎች ሁሉ ያምራሉ። ነጭ ልብስ፣ አረንጓዴ ሣር፣ የሐይቁ ውሃ። ማንም አይቷቸው ያንን ሊያውቅ አይችልም። እኛም አሮጊቷ ባይናገሩ አናውቅም ነበር፤ በዜና ሰምተነው እያለ እንኳ።

አሮጊቷ ጓዳቸውን በራሳቸው ፈቃድ ከፈቱልን። እዚህ ላይ የተቆጣው ወገናችን ሳይቀር ለሰስ አለ። ሣሩን ሰጥተው፣ ከተመልካች ወደ እንግዳ ካሻገሩን በኋላ ነው የተናገሩት። እኛ ሄደን «ያን ዓመት እንዴት ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮስ? አንዳንዶቻችን ድፍረት ነው እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ለዓመታት ዝም ብለው ቢሆንስ እንላለን። በዚህ አልተስማማንም፤ አሁንም አልተስማማንም።

እንግዲህ ወደ በረንዳው እንመለስ። ባለፈው እሑድ እንደ ልማዳችን ለቡና ተሰበሰብን። ተማክረን ነበርና፣ አቦሉ እንደተቀዳ አንዳችን ለልጅቷ ወንበር ሳብ አደረገላት፤ «ዛሬ አብረሽን ትጠጫለሽ» አላት። ደነገጠች። እትዬን አየች። እትዬ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ፤ ተዉም አላሉ፣ እሺም አላሉ። አንዷ ጓደኛችን ቀስ ብላ «ይህን የምናደርገው ለእሷ ነው ወይስ ለጃፓናዊቷ?» አለች፤ የሚመልስላት አልነበረም።

ልጅቷ ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች። አልተቀመጠችም። ቆማ አንዴ ፉት አለችና ፊቷን ጭፍግግ አደረገች። «ምነው?» አልናት። «ስኳር ነው» አለች፣ እየሳቀች። «እኛ አገር በጨው ነው።»

ባህላችን ነው ብለን ስንት እንግዳ የጠራንበት ቡና እኮ ነው! በጨው የሚጠጣ ሰው እዚያው ረከቦቱ ሥር ለወራት ተቀምጦ እያፈላልን፣ ወሬው አልደረሰንም። «ጨው የታል ታዲያ?» ብሎ አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ ወደ ጓዳው አመራ። ልጅቷ ስኒውን አስቀምጣ ሮጠች፤

«ኧረ ጋሼ፣ እዚያማ አይገባም!»